ለሐኪሙ የሰጠሁት የቤት ሥራ

ሐኪሙ ደብረ ብርሃን ሲመደብ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አገሩ ከጅግጅጋ ወዲያ ነው። ቤት በሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ አድጎ፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው የሚመጡ የሸዋ ሽማግሌዎችን አክም ተባለ። ሆስፒታል የምትሠራ ጎረቤቴ አንድ ቀን አስከትላው መጥታ በሬን አንኳኳች። «አንቺ አይደለሽ የአማርኛ አስተማሪዋ? እስኪ አንድ ነገር አድርጊለት፤ በሽተኛው ሁሉ በእጁ እየጠቆመ መታከም ሰለቸው» አለችኝ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ በሁለት ካፖርት ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ገና ወጣት ነው፤ ካስተማርኳቸው ልጆች የአንዱ እኩያ ቢሆን ነው። አሳዘነኝና እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ያስተማርኩት እንደ ወጉ በመጽሐፍ ነበር። ይህ ወንበር ነው፤ ያ ጠረጴዛ ነው። በጨዋ ደንብ አፉን በእጁ ሸፍኖ ያዛጋል። እኔም ትዕግሥት ሲታደል ወረፋው ያልደረሰኝ ሰው ነኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉን ዘጋሁና «ተረት ተረት» አልኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ «የላም በረት በል እንጂ» አልኩት። አለ። ስለ ጦጣና ስለ ጅብ አንድ ተረት አወራሁለት፤ ያን ቀን አላዛጋም። ተረት ውስጥ አንድ ቃል ሦስቴ አራቴ ይመላለሳል፤ ጅቡ ይጠይቃል፣ ጦጣዋ ትመልሳለች፣ ጅቡ ሄዶ ይመጣና ያንኑ ይጠይቃል። ተማሪው ሳይታወቀው ጆሮው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን አልከፈትነውም።

ሥርዓታችን እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እኔ አወራለታለሁ። ሐሙስ እሱ መልሶ ያወራልኛል፤ እኔ አርመዋለሁ። ከዚያ የቤት ሥራ እሰጠዋለሁ፦ ተረቱን ዕድሜው ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ማውራት፣ ያ ሰው «እንዲህ አይባልም» እያለ የሚያርመውን ሁሉ በስልክ ቀድቶ መላክ። ዘዴዬን እወደው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼበትም ነበር።

ችግሩ፣ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ያረጀ ሆነ። ከተረቱ ቃርሞ ወንዱን ሁሉ «አያ»፣ ሴቱን ሁሉ «እመት» ማለት ጀመረ። ወጣቶቹ ነርሶች በሳቅ ይሞታሉ። ባልቴቶቹ ግን ወደዱት፤ «እመት» የሚላቸው ሰው ካጡ ስንት ዘመናቸው! በሽተኛ ሲጠይቅም «ከዕለታት በየትኛው ቀን ጀመረዎ?» ይላል አሉ። አንድ የደነባ ገበሬ ምንም ሳይደንቃቸው «ከዕለታት በሐሙስ ቀን፣ ከአጨዳ ስመለስ» ብለው መልሰውለታል። ይህን ሲነግረኝ ለምን እንደምስቅ አልገባውም።

እናቴ ከአንኮበር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጠዋት ደጇ ላይ ቆማ ቁልቁል ቆላውን ካላየች የነጋላት አይመስላትም። ጎኔን ያመኛል ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች። ወንድሜና እኔ ለምነን፣ ተቆጥተን፣ በሚኒባስ አመጣናት። ተመረመረች። ውጤቱን የነገሩን ትልቁ ሐኪም ናቸው፤ ለእሷ ሳይሆን ለሁለታችን። ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ላይ ደርሷል፣ ቀዶ ጥገና አይሞከርም፣ አዲስ አበባ ብትወስዷትም የምታተርፉት እንግልት ነው አሉን። ወንድሜ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ስንቱን ገደል በሌሊት የወረደ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር እንዴት እንደሚነሣ ጠፋው። ቀና ሲል መጀመሪያ የተናገረው «እንዳትነግሪያት» የሚል ነው።

ጨጓራ ነው አልናት። ነጭ ሽሮፕ ገዛንላት፤ ጠዋትና ማታ በማንኪያ እየለካሁ አጠጣት ጀመር። ተማሪዬ ሐኪሙም ወረቀቷን አይቶ ኖሮ፣ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እመት ያውቃሉ?» አለኝ።

«አታውቅም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው።»

«በእኛም አገር እንደዚሁ ነው» አለኝ።

ገላገለኝ። የተማረ ሰው ነውና ይከራከረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ለመክሰስ ያቀረብኩለትን ቆሎ ጨመርኩለት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን ከበሽተኛው ስለደበቀ ሰው ግን ምን እንደሚባል ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የአስተማሪነት ዘመኔ አላስተማረኝም። እናቴ ጥጧን እየፈተለች በመሀል ቀና ትልና «ይሄ ጨጓራ ያላችሁት ነገር፣ ጀርባ ድረስም ይሄዳል?» ትለኛለች። «ይሄዳል» እላታለሁ። «እንቅልፍስ ይነሣል?» «ይነሣል።» «ጉድ ነው እቴ፤ በእኛ ጊዜ ጨጓራ ሆድ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው» ትልና ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ነው እረፍት የነሣኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው ሞትን ሳይሆን ሳትቆርብ መሞትን ነው። «ጊዜው ሲደርስ እቆርባለሁ» ትላለች፤ እንደ መንደሯ ባልቴቶች ሁሉ፣ ከቆረቡ ወዲያ በምላስም በሐሳብም መሳሳት ከባድ ነው ብላ እስከ መጨረሻው ያቆየችው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት «ወደ አንኮበር ልመለስና የንስሐ አባቴን ላግኝ እንዴ?» አለችኝ። ወንድሜ አጠገባችን ነበር። «ምን አስቸኮለሽ እማዬ? ለፋሲካ ድነሽ ትሄጃለሽ» አላት። «እድናለሁ ካላችሁኝማ ይቆይ» አለች። ወጥተን ስናወራ «ቄስ ካየች እኮ ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ በድንጋጤ ነው የምትሞተው» አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ልክ አይደለም አልኩ። ጠዋት ሽሮፑን ስለካ ደግሞ ልክ ነው።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ለሐኪሙ ያወራሁለት ተረት የአሮጊቷ በግ ነው። በጓ ሦስት ግልገሎች አሏት፤ ዓይኗ ፈዟል። አንድ ምሽት ከበረቱ ውጭ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። «ልጆቼ፣ ምንድን ነው?» ትላለች። ትልቁ ግልገል በቀዳዳ አይቶ ጅብ መሆኑን ያውቃል፤ ግን «ነፋስ ነው እማዬ፣ ተኚ» ይላታል። በማግስቱ ሁለተኛው «የጎረቤት ውሻ ነው» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ትንሿ «ዝናብ ነው» ትላታለች። በአራተኛው ቀን ጅቡ በሩን ሰብሮ ገባ። በጓ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተኝታ ነበርና ዞራ እንኳ ሳታየው በላት።

ሐሙስ መልሶ አወራልኝ፤ ጥሩ አወራው። «ተንኮሻኮሸ» የሚለው ቃል ላይ ምላሱ ተጠላልፎ ብዙ ሳቅን። እንደ ልማዴ የቤት ሥራውን ሰጠሁት። ለማን እንደሚያወራው አልጠየቅሁትም፤ ጠይቄውም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ ትምህርት ነበረን። በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ሳርም በቴሌግራም ድምፅ ተላከልኝ። «ቲቸር፣ የቤት ሥራ» ይላል። አንዱን ጆሮዬን በማዳመጫው ዘጋሁና ከፈትኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የውጭ በሬን ነው። ሲከፈት የሚያሰማውን ጩኸት ከሺ በር መሀል ለይቼ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። አስተማሪህ ትምህርት ቤት ናት። አይዞህ፣ ሻይና ቆሎ ነው የማቀርብልህ፤ የእናንተን ሥርዓት አውቃለሁ። ከአሊዩ አምባ እስላሞች ጋር ጥጥ ስገበያይ ነው ያረጀሁት።»

«አላህ ይስጥልኝ እመት። የመጣሁት ተረት ላወራልዎት ነው።»

«ተረት? በዚህ በጠዋቱ?» ሳቀች። «በል እስኪ አውራ።»

እጄ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሐኪሙ ጀመረ። አሮጊቷን በግ «እመት በግ» እያለ፣ እየተጠነቀቀ፣ አንድም ነገር ሳይዘል አወራላት። ነፋስ ነው። ውሻ ነው። ዝናብ ነው። በየመሀሉ እንዝርቷ ሲሾር ይሰማል። ጅቡ በሩን ሲሰብር እንዝርቱ ዝም አለ።

«እንዲህ አይደለም» አለች እናቴ።

«የቱ ነው ስሕተቱ እመት?»

«በጓማ ከመጀመሪያው ምሽት አሽታዋለች። ዓይን ቢፈዝ አፍንጫም ይፈዛል እንዴ? ጅብ እኮ ይሸታል ልጄ።»

«ታዲያ እመት በግ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጆቿ ፈርተው ነዋ! ግልገል ሲፈራ አይተህ ታውቃለህ? መላ ሰውነቱ ነው የሚርድ። እና እሷ ጅብ ነው ብትል የት ይገቡልሃል? ስለዚህ 'እህ፣ ነፋስ ነው?' እያለች ታስተኛቸዋለች።»

«ጅቡ ግን መጣ።»

«ጅብማ ይመጣል፤ ሥራው ነው። የበጓ ነገር ግን እንዲህ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ብሎ፣ ልጅ ሆነን ፊደል ስታስቆጥረን እንደነበረው። «አንዱ ልጅ እንኳ ደፍሮ ቢነግራት ኖሮ ጀርባዋን ሰጥታ አትተኛም ነበር። ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። አምላኳን ትጠራለች። ልጆቿን አንድ በአንድ ትመርቃለች። ያን ከጨረሰች በኋላ ቢመጣ ምን ይላታል?»

ሐኪሙ ሻዩን ፉት ሲል ተሰማኝ።

«ይህን ተረት ማን ሰጠህ?» አለች።

«ቲቸር።»

«እሷ ራሷ?»

«አዎ እመት። እሳቸው ራሳቸው።»

«እህ» አለች እናቴ። «በል ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ቅጂው እዚያ ላይ ያልቃል። ደወል ተደወለ፤ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፤ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ «ቲቸር፣ አመመዎት?» አለችኝ። ድርሰት ጻፉ አልኳቸው። ስለ ምን ሲሉኝ ስለፈለጋችሁት አልኳቸው፤ ተገርመው ተያዩ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሆስፒታሉ ነው። ንዴቴ እግሬን ቀድሞት ነበር። ከዋርድ ሲወጣ ያዝኩት። «ምን አድርገህ ነው አንተ?» አልኩት።

«የቤት ሥራዬን።»

«ለእናቴ?»

«ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብለውኛል።»

«ይሄ ሆስፒታል ከስልሳ ዓመት በላይ በሆነ ሰው ተሞልቶ የለም እንዴ? ሌላ ሰው አጥተህ ነው?»

«እነሱ ታማሚዎቼ ናቸው ቲቸር። ለታማሚ ተረት ማውራት ደስ አይልም ብዬ ነው።»

«እሷስ ምንድን ናት?»

ጫማውን አየ። ፊቱ ላይ ያለው እፍረት ይሁን መደናገር መለየት አቃተኝ፤ ዛሬም አልለየሁትም። አማርኛው ሲያጥረው ይህንኑ ፊት ነው የሚያሳየው፤ ቃል ጠፍቶት ይሁን ነገር ሊደብቀኝ ፈልጎ በምን አውቃለሁ? ቆይቶ ቀና አለና «እርስዎስ ይህን ተረት ለምን መረጡት?» አለኝ።

ቶሎ መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም። «ቃላቱ ስለሚደጋገሙ ነው» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ደብተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው። እየተመለስኩ መንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። ስንት የምተርክለት ነገር እያለ፣ ያን ሰሞን፣ ያቺን በግ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ስመርጠው እናቴ ትዝ አላለችኝም። ትዝ ብላኝ ቢሆንስ ኖሮ ትዝ አለችኝ ብዬ አምን ነበር? እሱን እየወቀስኩ ቤቴ ደረስኩ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ።

እናቴ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የፈተለችው ጥጥ ጉልበቷ ላይ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ ከደጃፉ ቆምኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ነይ ተቀመጪ። ደግ አደረግሽ ልጄ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በራስሽ አፍ ቢያቅትሽ በሰው አፍ ላክሽው። ጨዋ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እናቴም አባቷ ሲታመሙ በአጎቷ ነው ያስነገረችው፤ በተረት። ልጁም ምስኪን፣ ምን እንደተሸከመ እንኳ ሳያውቅ አደረሰልኝ።»

አልላክሁትም ልላት አፌን ከፈትኩ። እኔ አላወቅሁም፣ እሱም ያወቀ አይመስለኝም፣ ወይም ሁለታችንም አውቀናል፣ እማዬ ግራ ገብቶኛል ልላት። ግን ፊቷን አየሁት። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ቀለል ብሏት አላየኋትም። ልጄ ደፈረች ብላ ደስ ብሏታል። ያልሠራሁበትን ምስጋና ተቀበልኩ፤ ከዚያ እጇን ይዤ አለቀስኩ። ስለ በሽታዋ ልነግራት ስጀምር ስሙን አላስጨረሰችኝም። «ስሙ ለእናንተ ነው። እኔ የሚበቃኝን ሰምቻለሁ። ሰኞ አንኮበር ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ወንድሜን ምን ልበለው?»

«ለእሱማ እንዳትነግሪው!» እጄን ጨበጠችው፤ በዚያ ሰውነቷ ይህን ያህል ጉልበት ይኖራታል ብዬ አልጠረጠርኩም። «ማወቄን እንዳትነግሪው። እሱ አይችልም። ነፋስ ነው እያለ ይደር።»

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ሰኞ ለአየር ለውጥ ነው ብለን ሄድን። መንገዱን ጉም ሸፍኖት ሚኒባሱ በመብራት ነው የተጓዘው። እናቴ ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ ምንም የማይታየውን ገደል ስታይ ነበር። የንስሐ አባቷ በማግስቱ መጡ። እኔ ከውጭ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆዩ፤ ምን እንዳወራች አላውቅም፤ አንዴ ግን ሲስቁ ሰማኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ ቆረበች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በእኔና በአንዲት ጎረቤቷ መሀል ሆና፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚያስወጣውን አቀበት አምስት ጊዜ አርፋ ወጣችው።

ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል። «አላወቀችም አይደል?» ይለኛል። «አላወቀችም» እላለሁ። መቁረቧን ከሌላ ሰው ሰምቶ ሲደነግጥ «ስለተሻላት ለምስጋና ነው» አልኩት። አመነኝ። ለማን እንደምዋሽ፣ ለማን ብዬ እንደምዋሽ ድብልቅልቁ ወጣብኝ። በፊት ከእሱ ጋር ሆኜ እሷን እዋሽ ነበር፤ አሁን ከእሷ ጋር ሆኜ እሱን እዋሻለሁ። ሁለቱም የሚያዝዙኝ በፍቅር ነው። የትኛው ነው ትክክሉ ብሎ ተማሪ ቢጠይቀኝ ሰሌዳውን አጥፍቼ እወጣለሁ።

ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ራሱ መጣ፤ ብርቱካንና አዲስ ሽሮፕ ይዞ። እናቴ ከማለዳው አነሣሺኝ አለችኝ፤ ፊቷን ታጠበች፤ ጸጉሯን አበጠርኩላት፤ ከግድግዳው ጋር ትራስ አስደግፌ አስቀመጥኳት። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። ብርቱካን ልጦ ሲሰጣት በላች። «ጨጓራው እንዴት ነው?» አላት። «እሰይ! ቀለል ብሎኛል፤ እንዲያውም ሽሮፑን ልተወው ነው» አለችው። ሳቀ። ስሸኘው አጥሩ ጋ ቆመና «አየሽ፣ ባለመንገራችን ነው እኮ የተሻላት» አለኝ። መኪናው ቁልቁለቱን ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆምኩ።

ስመለስ አሁንም እንደተደገፈች ናት። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትጠብቀኛለች።

«አመነኝ?» አለችኝ።

«አምኖሻል እማዬ።»

ያኔ ከማለዳ ጀምሮ ውጣው የዋለችውን ማቃሰት ለቀቀችው።